የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ፎርሙ ከመከፈቱ በፊት ወላጆችን ጥሩን

ለደሴና ለኮምቦልቻ ከተሞች፣ ለደቡብ ወሎና ለሰሜን ወሎ ዞኖች ትምህርት መምሪያዎች

ግልባጭ፦ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ልጅ ላላችሁ ወላጆች

እንደምን ሰነበታችሁ።

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ታላቋ አምና ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃለች። መካከለኛው ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ትንሿ ገና ሰባተኛ ናት። በታላቋ ጊዜ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። በመካከለኛው ልደግመው አልፈልግም። ሌላ ወላጅም እንዲደግመው አልፈልግም። ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ የሚሞላበት ሰሞን ነው። ልጄ ማምሻውን ሱቅ መጣች። መብራት ጠፍቷል። ስልኳን የስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «አባ፣ ነገ ይዘጋል አሉ፤ ዛሬ መሙላት አለብኝ» አለችኝ። ስልኩ ላይ የዩኒቨርሲቲዎች ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ገጹ በጠፋ ቁጥር ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ባትሪው ቀይ አብርቷል። እኔ ደግሞ ለማግስቱ ሠርግ የማደርሰው ሱፍ በእጄ ነበር። ሜትሩ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ምን ልሙላ?» አለችኝ።

«ዶክተር የሚያደርግሽን ሙያ» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እኮ ቴክስታይል ብማር ደስ ይለኛል» አለች።

«መርፌው በእኔ ይብቃ» አልኳት። ክፉ ቃል መስሎኝ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ያሳለፍኩት ዘመን እሷ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው። ስማቸውን ደጋግሜ የሰማኋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ከላይ አስሞላኋት። የቅርቦቹን ከታች አደረግናቸው። ሁሉም ነገር ከግማሽ ሰዓት በታች ነው የፈጀው። ለአንድ ሱሪ ልክ ስወስድ እንኳ ወገቡን ሁለት ጊዜ እለካለሁ።

ደረሳት፣ ሩቅ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ የሚያስኬድ አገር። አንደኛ ዓመት ላይ ውጤቷ ለሕክምና አልበቃም። ከዚያ በፊት ስሙን ሰምታው የማታውቀው ትምህርት ክፍል ውስጥ ገባች። ተምራ ጨረሰች፣ የመውጫ ፈተናውንም አለፈች። አላህ ይመስገን። ሰነፍ ልጅ አይደለችም። ግን ሻንጣዋን ስታራግፍ ደብተሮቿን አየሁ። ጠርዝ ጠርዙ ሁሉ የቀሚስ ንድፍ ነው። የአንገት ቅርጽ፣ የእጅጌ ቅርጽ፣ የጥልፍ አቀማመጥ። አራት ዓመት ሙሉ፣ መምህሩ ሲያስተምር፣ እጇ የራሷን ትምህርት ሲማር ነበር ማለት ነው።

ኮምቦልቻ ከሱቄ 25 ኪሎ ሜትር ናት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚያ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እዚያ ነው። በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያ ነው። ጨርቅ ልገዛ ስንቴ ተመላልሼበታለሁ። አንድ ቀን ጎራ ብዬ «እዚህ ግቢ ምን ምን ታስተምራላችሁ?» ብዬ አልጠየቅኩም። የሚጠየቅ ነገር መሆኑንም አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ልክ ሊያስለካ የሚመጣ መምህር፣ ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሁሉንም አስቆማለሁ። የተማርኩትን ልንገራችሁ። እናንተ ታውቁታላችሁ። እኛ ወላጆቹ ግን አናውቀውም፣ ችግሩም እሱ ነው።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር፣ ልጆቻችን ፎርሙ ላይ የሚሞሉት ዩኒቨርሲቲ እንጂ ሙያ አለመሆኑ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በውጤትና በምርጫ ይመድባቸዋል። ከ2012 ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው። የጋራ ኮርሶች ይወስዳሉ። ትምህርት ክፍል የሚለዩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም በፍሬሽማን ውጤታቸውና በዚያ ግቢ ባለው ቦታ ልክ። ስለዚህ አንድ አባት ልጁን «ዶክተር ሁኚ» እያለ ሕክምና የማይሰጥበትን ግቢ አንደኛ ምርጫ ሊያስሞላት ይችላል። ልጅቷ የፈለገችው ትምህርት ያለበትን ግቢ ደግሞ መጨረሻ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። እኔ ያደረግኩት ይህን ሁለተኛውን ነው። መጠየቅ የነበረብን «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ስም አለው?» ሳይሆን «ልጃችን የምትፈልገው ትምህርት የት አለ? እዚያ ለመግባትስ ፍሬሽማን ላይ ምን ያህል ይጠየቃል?» የሚለውን ነበር።

ሁለተኛው ነገር፣ በሩ መዘጋት የሚጀምረው 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። 11ኛ ሲገቡ ነው፣ ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ ተብለው ሲለዩ። ማኅበራዊ የገባ ልጅ ኢንጂነሪንግ መማር አይችልም። እኛ ሰፈር ጓደኛው ማኅበራዊ ስለገባ ብቻ ተከትሎት የገባ ልጅ አለ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልጠየቀውም። አባቱ የሰማው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ውሳኔ ሲወሰን ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር።

አንዳንዶቹ ግቢዎች ደግሞ በዚህ ፎርም ብቻ የሚገባባቸው አይደሉም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪ የሚቀበለው በራሱ መግቢያ ፈተና ነው። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የየራሳቸውን መግቢያ ፈተና ሲሰጡ ቆይተዋል። ማመልከቻው የራሱ ቀን አለው። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ልጅ ቀድሞ ይሰማል። የከላላና የለጋምቦ ልጅ ቀኑ ካለፈ በኋላ ይሰማል።

አሁን ደግሞ ስለ ብዙዎቹ ልጆች ልናገር። ዩኒቨርሲቲ ብቻ ካወራን አብዛኛውን ቤት ረስተነዋል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። በ2017 ከመቶ ልጅ ከዘጠና የሚበልጡት ከ50 በመቶ በታች ናቸው ማለት ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ ጦርነቱን አልፈው የመጡ ናቸው። በ2014 ደሴና ኮምቦልቻ የሆነውን፣ ወልድያ የሆነውን እናንተም አይታችሁታል። ትምህርት ቤት ተዘርፏል፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም ተዘርፈዋል። ያኔ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስምንተኛ ክፍል የነበረ ልጅ የጎደለበትን ተሸክሞ ነው ፈተና የሚቀመጠው።

ውጤት በወጣ ማግስት እነዚህ ልጆች ቤት ውስጥ የሚሰሙት «ወደቀ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ቀጥሎ ምን እንዳለ የሚነግራቸው የለም። ለአንዳንዱ የአቅም ማሻሻያ፣ ሬሚዲያል የሚባለው፣ አለ። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ይወጣል። ደሴ ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ አለ። ኮምቦልቻም ፖሊ ቴክኒክ አለ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። በደረጃ ተምሮ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ፣ ሙያ ይዞ መውጣት አለ። በእጄ ሥራ ሦስት ልጅ ያሳደግኩ ሰው ነኝና በዚህ ላይ የመናገር መብት አለኝ። ልጅ ቴክኒክና ሙያ ስለገባ አንገት የሚደፋበት ምክንያት የለም። ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቶ ድንጋይ ላይ ከሚቀመጥ መኪና ቢከፍት፣ ሽቦ ቢዘረጋ፣ ጨርቅ ቢቆርጥ ይሻላል።

የግል ኮሌጅን በተመለከተ ጎረቤቴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ሰውየው ከብት ሸጦ ልጁን አስገባ። ባነሩ ላይ «በዲግሪ ፕሮግራም» ይላል። ልጁ መግቢያ ነጥብ አልነበረውም፤ «ችግር የለም፣ እናስተካክላለን» ተባለ። ዓመታት ተከፈለ። የመውጫ ፈተና ሲደርስ ስሙ የለም። አባትየው ሱቄ መጥቶ ደረሰኞቹን በፌስታል ይዞ «አያ፣ እስቲ ይችን አንብብልኝ» አለኝ። አንድ በአንድ አነበብኩለት። ሁሉም ማህተም አለው። አንዳቸውም ልጁን አልጠቀሙትም።

ለእዚያ አባት ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር የሚነግረው ሰው ቢኖር ኖሮ ከብቱም ይተርፍ ነበር፣ የልጁም ዕድሜ። አንደኛው፣ የዲግሪ መግቢያ መስፈርት ያላሟላ ልጅ በየትኛውም በር በዲግሪ መግባት እንደማይችል። ሁለተኛው፣ ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አለመሆኑ። የትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለየትምህርቱና ለየካምፓሱ ነው። አዲስ አበባ በአካውንቲንግ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ ደሴ በነርሲንግ አለው ማለት አይደለም። «ፈቃድ አለን» ሲሉ ደብዳቤውን አሳዩኝ ማለት ነው። የትምህርቱ ስም፣ የካምፓሱ ስም፣ የሚያበቃበት ቀን፤ ሦስቱን ማየት። ማንበብ የማይችል ወላጅ ማንበብ የሚችል ሰው ይዞ ይሂድ።

እንግዲህ የምለምናችሁ ነገር ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። 12ኛ ክፍል ባለበት ትምህርት ቤት ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ወላጆችን ጥሩን። ውጤት እስኪወጣ አትጠብቁ። ውጤት ከወጣ በኋላ ቤቱ ሁሉ ወይ ለቅሶ ነው ወይ እልልታ ነው፤ ሰው አይሰማም። ከፈተናው በፊት፣ ሰከን ባለ ጊዜ ይሁን። የ10ኛ ክፍል ወላጆችንም አብራችሁ ጥሩ፣ የእነሱ ቀን ቀድሞ ይመጣልና።

በገጠሩ ደግሞ ቀኑ የገበያ ቀን ይሁን። ልጁን በወረዳ ከተማ ቤት ተከራይቶለት የሚያስተምር ገበሬ ስንቅ ይዞ የሚመጣው በገበያ ቀን ነው። በሶውንና ቆሎውን ያደርሳል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ይመለሳል። ሌላ ቀን ብትጠሩት አይመጣም፤ ስለማይፈልግ ሳይሆን መንገዱ ስለሚርቅ። ጁምዓንና ቅዳሴን ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ። በዕለቱ የሚናገረው ሰው በወረቀት ቋንቋ አይናገር። «ባንድ» እና «ስትሪም» ሲል እኛ እናጨበጭባለን እንጂ አይገባንም።

አንድ ገጽ ወረቀት ስጡን። የትኛው ዩኒቨርሲቲ ምን ትምህርት ክፍል እንዳለው፣ ስንት ዓመት እንደሚወስድ። ሕክምና ስድስት ሰባት ዓመት መሆኑን ሳያውቅ «ቶሎ ተመርቆ ይረዳኛል» የሚል ወላጅ ስንት አለ። በየትምህርት ክፍሉ የመውጫ ፈተና ስንት ተማሪ እንዳለፈም ብትጨምሩበት ደስ ይለናል። ፈተናው ከ2015 ጀምሮ እየተሰጠ ነው፣ ውጤቱ የሆነ ቦታ ተጽፎ ይገኛል። ወላጅ ልጁን የሚልክበትን ቤት ሊያውቅ ይገባዋል። ኮስት ሼሪንግ፣ የትምህርት ወጪ መጋራት የሚባለው፣ ምን እንደሆነም ይነገረን። ልጆቻችን የሚፈርሙት ውል ነው። ሲቀጠሩ ከደመወዛቸው የሚቆረጥ ነው። ብዙ ወላጅ ግን ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው ብሎ ነው የሚያውቀው።

አንድ ተጨማሪ ልለምን። በወሎ ምድር ዩኒቨርሲቲ አላጣንም። ደሴ አለ፣ ኮምቦልቻ አለ፣ ወልድያ አለ። መቅደላ አምባ ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ አለ። እንዲያው በዓመት አንድ ቅዳሜ በራቸውን ለ10ኛና ለ11ኛ ክፍል ልጆች እንዲከፍቱ አናግሩልን። ቤተ ሙከራ ገብተው ይዩ። ብዙ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጠው ለብሔራዊ ፈተናው ነው፤ ያን ጊዜ ልቡ በጭንቀት ተይዞ ምንም አያይም።

ወላጆች፣ ከእናንተ ጋርም ጉዳይ አለኝ።

በወሎ ልጅ በቡናው ዙሪያ ነው የሚመረቀው። አቦል ሲወርድ፣ ቶና ሲወርድ፣ በረካ ላይ እጃችንን ዘርግተን «አላህ ዶክተር ያርግሽ»፣ «እግዚአብሔር ፓይለት ያርግህ» እንላለን። ጎረቤቱ ሁሉ አሚን፣ አሜን ይላል። እኔም ብያለሁ። ከፍቅር ነው። ነገር ግን ልጄ ያን ዱዓ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ በየቀኑ ሰምታ፣ አሥራ ስምንት ዓመቷ ላይ ቴክስታይል ለማለት ድምጿን ዝቅ ማድረግ ነበረባት። አሁን ቤታችን ውስጥ ምርቃቱ «የምትወጅውን ይስጥሽ» ሆኗል። እናቷ ናት የቀየረችው።

መንገዱን የምትፈሩ አላችሁ። አልፈርድባችሁም። ባለፉት ዓመታት ያየነውን አይተን ልጅ አርቆ መላክ ቀላል አይደለም፣ በተለይ ሴት ልጅ። ግን ፍርሃታችንን ለልጁ በግልጽ እንንገረው። «እዚያ ጥሩ አይደለም» ብለን ሰበብ ከምንፈጥር «እኔ እፈራለሁ» እንበል። ያን ጊዜ አብሮን ያስባል። የገንዘቡንም ነገር እንዲሁ። በወር ስንት መላክ እንደምንችል ቁጥሩን ይወቅ። ልጅ የአባቱን ኪስ ቢያውቅ አይጎዳም። ሳያውቅ ሄዶ ግቢ ውስጥ ሲቸገር ነው የሚጎዳው።

ባለፈው ሳምንት ልጄን ሱቅ ውስጥ አስቀምጬ «ምን መማር ትፈልጋለህ?» አልኩት። መቀሱን አስቀምጬ፣ መኪናውን አቁሜ ነው የጠየቅኩት። አላውቅም አለ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዴት ከባድ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ብዙ ቆይቶ «የውሃ ኢንጂነሪንግ» አለ። ለምን አልኩት። «እማ በጀሪካን ወረፋ የምትቆመው ለምንድን ነው? ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጠን ውሃ በፈረቃ?» አለኝ። ይህ ልጅ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ጀሪካን ተሸክሟል። ይህን ሁሉ ሲያስብ እንደኖረ እኔ አባቱ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ይህ ትምህርት የት የት እንዳለ ሦስት ሰው ጠየቅኩ። ሦስት የተለያየ መልስ ሰጡኝ። አርባ ምንጭ በውሃ ትምህርት የቆየ ስም እንዳላት ሁሉም ተስማሙ። ግን ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያ አርባ ምንጭ ሌላ ይህን ያህል። እናቱ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ቅርብ ያለው ግቢ ይሻለዋል ወይስ የሩቁ? ልዩነታቸው ምንድን ነው? ፍሬሽማን ላይ ውጤቱ ባይበቃ የትኛው ግቢ ሁለተኛ ዕድል ይሰጠዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጽፌያቸዋለሁ። የምጠይቀው ሰው ነው ያጣሁት።

ቀኑን ቁረጡልን። አዳራሽ ከሌለ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ይበቃናል። ቡናውን ሰፈራችን ያፈላል። እኔ ሱቄን ዘግቼ፣ ልጄንና እናቱን ይዤ፣ ጥያቄዎቼን በኪሴ አድርጌ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር

የአንድ 12ኛ ክፍል ተማሪ አባት
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ